ቀይ ቆርኪ ሩጫ፣ አረንጓዴ ቆርኪ ፓስ፦ ስለ አንድ የቦሌ አራብሳ ኳስ ቤት

መጀመሪያ የሄድኩት ወንድሜ ሸውዶኝ ነው። «አራብሳ ጫፍ ላይ ሽሮ ቤት አለ፤ እንደዛ ያለ ሽሮ በልተሽ አታውቂም» አለኝ። የሽሮው ነገር እውነት ነው። ያልነገረኝ፣ ሽሮው የሚበላው ግድግዳ ላይ በተወጠረ ነጭ አንሶላ ፊት ለፊት መሆኑን ነው። አንሶላው ላይ ደግሞ ሄልሜት ያጠለቁ ጎረምሶች እንደ ሙክት ይላተማሉ። የአሜሪካ ፉትቦል ነው።

እኔ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ስለ ኳስ የማውቀው፣ አርሴናል የተሸነፈ ቀን ወንድሜ እራት እንደማይበላ ብቻ ነበር። ይኸው ከዓመት በላይ ተመላለስኩ። ስለዚህ የቤቱን ጉድም ሆነ ጥሩውን ከኔ ስሙ።

ቤቱ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ላይ ነው። ስም የለውም። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቆርቆሮ «ሻይ፣ ለስላሳ፣ ዲኤስቲቪ» ይል ነበር፤ የመጨረሻው ቃል ግማሹ ተልጦ አሁን «ዲኤስ» ብቻ ቀርቷል። «የኮች ቤት የት ነው?» ብትሉ ግን የሰፈሩ ባጃጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ኮች ስልሳዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው። ዳላስ አካባቢ 17 ዓመት ኖረው የተመለሱ። ፓርኪንግ ሠርተዋል፣ ነዳጅ ማደያ ሠርተዋል፣ ኳስ አሠልጥነው አያውቁም። ከአሜሪካ ይዘው የመጡት ፕሮጀክተር፣ የወገብ ሕመምና የኮሌጅ ፉትቦል፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል፣ ፍቅር ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ ናቸው። ይሄ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

አገልግሎቱ ሁለት ዓይነት ነው። ቅዳሜ ማታ የቀጥታ ጨዋታ አለ፤ መግቢያው 40 ብር። እነሱ ዘንድ እኩለ ቀን ላይ የሚጀመረው ጨዋታ እኛ ጋ ምሽት 1 ሰዓት ነው። ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 2 ሰዓት ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ቅዳሜን አልወደውም። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የእንግሊዝ ኳስ ይጀመራል፤ የቤቱ ግማሽ የሚመጣው ለዚያ ነው። ኮች ክፍሉን በመጋረጃ ከፍለውታል። መጋረጃ ድምፅ አይከለክልም። ከወዲያ በኩል «ጎል!» ሲባል ከወዲህ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ይላል።

እኔ የምመክረው እሁድን ነው። እሁድ 9 ሰዓት፣ 50 ብር፣ አንድ የቅመም ሻይ ጨምሮ። ኮች «ክፍል» ይሉታል። ወንድሜ «እሁድም ትምህርት ቤት ገባሽ» እያለ ይስቅብኛል።

እሁድ ሙሉ ጨዋታ አይታይም። ኮች ድሮ የተቀዳ ጨዋታ ያመጡና መሐሉን ዘለው በቀጥታ ጎል አፍ ይወስዱናል። ኳሷ ልትነሳ ስትል ምስሉን ያቆማሉ። ከዚያ «ምን ትጫወታላችሁ?» ይላሉ። ሁላችንም ፊት ሁለት ቆርኪ አለ። ቀዩ የኮካ ነው፤ ሩጫ፣ ኳሷን ይዞ መሮጥ ማለት ነው። አረንጓዴው የስፕራይት ነው፤ ፓስ፣ ኳሷን በእጅ መወርወር ማለት ነው። ጊዜው ገደብ አለው። እዚያ ተጫዋቾቹ በሁለት ጨዋታ መካከል 40 ሰከንድ አላቸው። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በትልልቆቹ ኮሌጆች አሠልጣኙ ለአንድ ተጫዋች በሄልሜቱ ውስጥ በሬዲዮ እንዲያወራ ተፈቅዷል። ሰዓቱ ላይ 15 ሰከንድ ሲቀር ሬዲዮው ይቋረጣል። ኮችም እንደዚያው ያደርጋሉ። በ25ኛው ሰከንድ ጠርሙሱን በማንኪያ ይመቱታል፤ ከዚያ በኋላ አጠገብህ ያለውን ሰው ማማከር የለም። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ ልበል። አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ዕድል አለው። «ዳውን» ይሉታል። አሥሩን ከሞላ አዲስ አራት ይሰጠዋል። ኳሷን ይዞ የጎል መስመሩን ካለፈ ተችዳውን ነው፤ 6 ነጥብ። ከዚያ በላዩ ኳሷን መትቶ 1 ነጥብ ይጨምራል፣ ወይም ከ3 ያርድ ላይ አንዴ ሞክሮ 2 ይጨምራል። መግባት ካቃተው በሁለቱ ብረቶች መሐል መትቶ 3 ነጥብ ይዞ ይሄዳል። ይኸው ነው። ያርድ የምትሉት ደግሞ ሜትር ሊሞላ ዘጠኝ ሳንቲ ገደማ የቀረው ልክ ነው። በአያቶቻችን አነጋገር ሁለት ክንድ አካባቢ።

«ታዲያ ሁለት ክንድ መሬት ይሄን ያህል ያጨቃጭቃል?» አልኳቸው የመጀመሪያ ቀን።

ኮች መልስ አልሰጡኝም። ተነስተው የለስላሳ ሳጥን ወለሉ ላይ ደረደሩ። አንድ በኩል አሥራ አንድ፣ አንድ በኩል አሥራ አንድ። «ቲቸር፣ መሐል ሜዳ ላይ ሲሆን ተከላካዩ ከኋላው ይፈራል» አሉ። ሰው ከኋላው ሮጦ ሊያመልጥ ስለሚችል ሁለት ሦስት ሳጥን ርቀው ይቆማሉ። ጎል አፍ ላይ ግን ከመስመሩ ኋላ ያለው አሥር ያርድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ውጪ ነው። ስለዚህ ርቀው የነበሩትን ሳጥኖች እየጎተቱ ወደ ፊት አመጧቸው። ወለሉ ጠበበ። «አየሽ፣ ሜዳው ያጥራል፣ ሰዉ ግን አይቀንስም።»

ሒሳቡ የገባኝ ያኔ ነው። መሐል ለመሐል ብትሮጥ ግድግዳ ነው። ብትወረውር ኳሷ የምትወድቅበት ቦታ የለም። በጎን ብትዞር ሜዳው ወደ ጎን አይጠብም፤ ግን አንድ ያርድ ለመሄድ ሃያ ያርድ ትሮጣለህ። አንድ የምትገርም ነገር ደግሞ አለች። ኳስ አከፋፋዩ፣ ኳርተርባክ የሚሉት፣ ኳሷን ለሌላ ሰጥቶ ቆሞ ካየ አጥቂው በአሥር ሰው ነው የሚዋጋው። ራሱ ይዞ ከሮጠ ግን አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ይሆናል። አንድ ሰው በነጻ ተገኘ ማለት ነው። ይሄን ሰኞ ተማሪዎቼ ላይ በጥያቄ መልክ አወጣሁት። ሦስት ልጆች ናቸው የመለሱት።

የክፍሉ ሕግ ግን ከሁሉም በላይ የወደድኩለት ነው። ስለተሳሳትክ አትቀጣም። ምክንያት ስለሌለህ ነው የምትቀጣው። ቆርኪህን አስቀምጠህ «ለምን?» ስትባል «ዝም ብዬ ነው» ካልክ፣ ባጠገብህ ላሉት ሁሉ ሻይ ትገዛለህ። ውጤቱ ከታየ በኋላ «አውቄ ነበር እኮ» ካልክም ትገዛለህ። በብር መወራረድ ክልክል ነው፤ ቤቲንግ የለመዱ ልጆች መጥተው በኮች ቁጣ ተመልሰዋል። ተማሪዎቼ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ አይተው ሥራውን ወደ ላይ የሚሠሩት ነገር ሁሌ ያናድደኛል። እዚህ ቤት የመጽሐፉ ጀርባ ተቀዷል።

ከታዩት ውስጥ የማልረሳቸውን ልንገራችሁ።

አንደኛው የ1984ቱ ኦሬንጅ ቦውል ነው፤ ነብራስካ ከማያሚ። («ቦውል» የሚሉት የውድድር ዘመኑ ማብቂያ ላይ የሚደረግ ትልቅ ጨዋታ ነው።) ነብራስካ በዚያ ዓመት አልተሸነፈም። 48 ሰከንድ ሲቀረው ተችዳውን አገባና 31 ለ30 ሆነ። አሁን ኳሷን መትቶ 1 ነጥብ ቢጨምር አቻ ነው። ያኔ በኮሌጅ ትልልቅ ውድድር ጭማሪ ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። አቻ ቢወጣ ሻምፒዮን የመባል ዕድሉ ትልቅ ነበር። ኮች አቁመው «ምቱ ወይስ ሁለቱ?» አሉ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር አሉ፣ ጥግ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ «ጦር ሜዳ ሄዶ አቻ ወጣሁ ብሎ የሚመለስ የለም» ብለው ቆርኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ ደለቁት። እኔ ምቱ አልኩ። ሻምፒዮን የሚያደርግህን ነገር ትወስዳለህ እንጂ!

አሠልጣኙ ቶም ኦስቦርን ግን ለሁለቱ ሄደ። የነብራስካው ኳርተርባክ ተርነር ጊል ወረወረ፣ የማያሚው ተከላካይ ኬን ካልሁን በጣቱ ነካት፣ ኳሷ ወደቀች። ማያሚ ሻምፒዮን ሆነ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ኮች ማንኪያውን አነሱ። «አውቄ ነበር» ልል እንደነበር አውቀዋል። ለጥቂት ከስድስት ሻይ ዕዳ ተረፍኩ።

ሁለተኛው በጥር 2017 የተደረገው የሻምፒዮና ጨዋታ ነው፤ ክሌምሰን ከአላባማ። ክሌምሰን በ3 ነጥብ ተመርቷል፣ 31 ለ28። ኳሷ 2 ያርድ ላይ ናት። የቀረው 6 ሰከንድ። መትቶ 3 ነጥብ ቢወስድ አቻ ሆኖ ጭማሪ ሰዓት ይገባል። የምቱ ርቀት አሥራ ሰባት ሜትር ገደማ ነው፤ ከኛ ፍጹም ቅጣት ምት በጥቂት ሜትር ቢርቅ ነው። ቤቱ በሙሉ «ምታው!» አለ። የመረረው ሰው ሁለቱንም ቆርኪ ወረወረ። እኔ ብቻዬን አረንጓዴ አስቀመጥኩ። ምክንያቴ ሰዓቱ ነበር። በጎን በኩል ወዲያው የምትለቀቅ አጭር ፓስ አራት አምስት ሰከንድ ብትፈጅ ነው። ከሳተች ለምቱ አንድ ሰከንድ ልትተርፍ ትችላለች። አንድ ዕድል የነበረውን ሁለት ታደርገዋለህ።

የክሌምሰኑ ኳርተርባክ ዴሾን ዋትሰን ወረወረ፣ ሀንተር ሬንፍሮው ያዘ። ሰዓቱ ላይ 1 ሰከንድ ቀርቷል። 35 ለ31። ያን ቀን ሻዬን ቀስ ብዬ ነው የጠጣሁት። ወንድሜ ግን እስካሁን «ዕድል ነው» ይላል። ክሌምሰንን ሳይሆን እኔን ነው የሚለው።

በ2024 መጀመሪያ ላይ የነበረው የሮዝ ቦውሉ አላባማ ሌላ ዓይነት ነው። ጭማሪ ሰዓት፣ አራተኛ ዳውን፣ 3 ያርድ። ሦስት ያርድ ማለት ከሰሌዳዬ እስከ መጀመሪያው ዴስክ ነው። የአላባማው ኳርተርባክ ጄለን ሚልሮ ራሱ ይዞ መሐል ለመሐል ሮጠ። ያቺ በነጻ የምትገኘው ሰው! ግን ኳሷ ከመነሻዋ ዝቅ ብላ መጣች፣ ሚልሮ ጎንበስ ብሎ አነሳት፣ ቀና ሲል ግድግዳው ተዘግቷል። ሚሺጋን 27 ለ20 አሸነፈ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ኳስ አቀባበሉ ነው። ስለዚህች አንዲት ሩጫ አንድ ሰዓት ተከራክረን ሽሮዬ ቀዘቀዘ።

እና ኢሊኖይ ከፔን ስቴት፣ ጥቅምት 2021። ይሄ የሒሳብ አስተማሪ ጨዋታ ነው። በአሁኑ ሕግ ከሦስተኛው ጭማሪ ጀምሮ ሁለቱ ቡድኖች ከ3 ያርድ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክራሉ፤ ልክ እንደ መለያ ምት። እነዚህ ሰዎች ዘጠኝ ጭማሪ ተጫወቱ። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ድረስ አሥር ሙከራ፣ አንድም አልገባም! እኛ ቆርኪ ማስቀመጥ ሰለቸን። ሩጫ ብንል ቀረ፣ ፓስ ብንል ቀረ። ስምንተኛው ላይ ሁለቱም አገቡና 18 ለ18 ሆነ። ዘጠነኛው ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ።

ይሄ ነው የቤቱ ትልቁ ችግር። ጄኔሬተር የለም። ሰፈሩ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ነው፣ ኮችም ያውቃሉ፣ በየሳምንቱ «እገዛለሁ» ይላሉ። አርባ ደቂቃ በሻማ ተቀመጥን። ስልኩን ከፍቶ ውጤቱን ማየት የሚችል ሃያ ሰው ነበር። ማንም አልነካም። «ያየ ሰው እንዳይመለስ» ብለዋላ ኮች። መብራቱ መጥቶ ኢሊኖይ 20 ለ18 ሲያሸንፍ የተሰማውን ጩኸት የሰማ ሰው፣ አራብሳ ውስጥ ሠርግ አለ ነው የሚለው።

አሁን ወደ ቴክሳስ።

በጥር 2025፣ ከገና በኋላ ባለው ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት። ጨዋታው በኛ 9፡30 ሌሊት ነው የጀመረው። ዳላስ አጠገብ፣ ኮች ለዓመታት በኖሩበት አካባቢ፣ ቴክሳስ ከኦሃዮ ስቴት። ያሸነፈ ለሻምፒዮናው ያልፋል። አሥራ አንድ ሰው ነበርን፣ ሁላችንም ጋቢ ለብሰን። ከውጪ ጅብ ይጮኻል። ባለቤታቸው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ከበዓሉ የተረፈ ዶሮ ወጥ ሊያሞቁ ተነሱና ክርክር ተነሳ። ዓርብ ነው ወይስ ቅዳሜ ገብቷል? ወታደሩ «ዶሮ ሳይጮኽ ዶሮ አይበላም» ብለው ዘጉት።

አራተኛው ሩብ ላይ ኦሃዮ ስቴት 21 ለ14 ይመራል። ቴክሳስ እየገፋ እየገፋ 1 ያርድ ላይ ደረሰ። አራት ዕድል፣ ሁለት ክንድ መሬት። ኮች ቆሙ። በዚህ ሰዓት ነጋ። ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ አንሶላው ላይ አረፈች። ምስሉ ጠፋ! ሁለት ልጆች ሮጠው ጋቢያቸውን መስኮቱ ላይ ወጥረው ቆሙ።

አንደኛው ዳውን፦ መሐል ለመሐል ሩጫ። ምንም። ሁለተኛው ዳውን፦ ኳሷን ወደ ኋላና ወደ ጎን ወርውረው ሯጩ በዳር እንዲዞር። ተከላካዮቹ ቀድመው ሰብረው ገቡ። ሰባት ያርድ ወደ ኋላ። ሦስተኛው፦ ፓስ፣ ሳተ። አራተኛው ላይ፣ ከ8 ያርድ፣ ኳርተርባኩ ክዊን ዩወርስ ሊወረውር ሲል የኦሃዮ ስቴቱ ተከላካይ ጃክ ሶየር ደርሶ ኳሷን ከእጁ አስጣለው፣ አንስቶም 83 ያርድ ሮጦ ወዲያኛው ጫፍ አገባት። ዩወርስና ሶየር በአንድ ወቅት ኦሃዮ ስቴት ውስጥ አንድ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ናቸው። 28 ለ14።

ኮች አንድ ቃል አልተናገሩም። ፕሮጀክተሩን አጠፉ። ወደ ጓዳ ገብተው ለአሥራ አንዳችንም ሻይ ይዘው ወጡ። ሒሳብ አልተቀበሉም።

ሁለተኛው እሁድ ላይ ግን ያንኑ ራሱን አምጥተው አቆሙት። ሁለተኛው ዳውን ላይ። «ምን ትጫወታላችሁ?» ውጤቱን ሁላችንም እናውቃለን። ኮች «የምታውቁትን እርሱት» አሉ። ለአሠልጣኙ ለስቲቭ ሳርኪሲያን ተከራከሩለት። መሐሉ እንደተዘጋ አንደኛው ዳውን አሳይቷል፤ ሰው ሁሉ መሐል ከተከመረ ዳሩ ባዶ ነው። ኮሌጅ ላይ ደግሞ ኳሷ የምትነሳባቸው ሁለት የሜዳ ምልክቶች በ40 ጫማ ይራራቃሉ፤ በፕሮፌሽናሎቹ ሜዳ ግን 18 ጫማ ተኩል ነው። ኳሷ አንዱ ዳር ካረፈች ሌላው ዳር በጣም ሰፊ ይሆናል። ስለዚህ የኮሌጅ አሠልጣኝ ዳሩ ቢያጓጓው አይፈረድበትም።

እኔ አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። አንድ ያርድ ላይ ሀብትህ ዕድሎችህ ናቸው። መሐል ሮጠህ ብትቀር የምታጣው አንድ ዕድል ነው፤ ኳሷ ግን እዚያው ናት። በዳር የምትዞረዋ ስትከሽፍ ዕድሉንም መሬቱንም ትወስዳለች። ከ1 ያርድ ሁለት ሙከራ የነበረው ከ8 ያርድ ሁለት ሙከራ ሆነ። ከስምንት ያርድ ደግሞ ሩጫ አያስፈራም፤ እንደምትወረውር ሁሉም ያውቃል፣ ሶየርም ያውቃል። እኔ ቀይ ነኝ። ሁለት ጊዜ ቀይ።

«ሁለቴ ቀይ ብለሽ ሁለቴ ብትቀሪስ?» አሉኝ።

«አራተኛው ላይም 1 ያርድ ነዋ ያለሁት!»

ፈገግ አሉ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

እንግዲህ የቀረውን ቶሎ ቶሎ። ሽሮው ተጋቢኖ ነው፣ በሸክላ እየተንተከተከ ይመጣል፣ 150 ብር፤ በጾም ወራት በያይነቱም አለ። ሻዩ አንደኛ ነው። ማኪያቶውን ተዉት፤ ማሽኑ ወተቱን ያቃጥለዋል። ምግብ ማዘዝ ያለባችሁ እንደገባችሁ ነው። ጨዋታ ሲጦፍ እትዬም ከጓዳ ወጥተው ያያሉ፣ ያዘዛችሁት ይረሳል። የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ የለውም። ለሴቶች ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ሦስቴ ተናግሬያለሁ። የቤቱ ሰው ግን ጨዋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከኔ ሌላ ሴት አልነበረም፣ አሁን አምስት ደርሰናል። የቅዳሜው ጨዋታ ሲያልቅ ታክሲ የለም። ባጃጅ እስከ 150 ብር ይጠይቃል፣ ሰው ካሰባሰባችሁ ይቀንሳል። ብቻችሁን በእግር አትሞክሩት፤ የጅቡ ነገር ለማሳመር የጻፍኩት አይደለም።

ለእሁዱ ክፍል ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ። ለቅዳሜው ሦስት። ለመጸዳጃ ቤቱ ምንም።

አሁን ያለብኝ ዕዳ አራት ሻይ ነው፣ ሁሉም «አውቄ ነበር» ያልኩባቸው። ከሄዳችሁ ከፕሮጀክተሩ በስተግራ ያለው ሰማያዊ ወንበር እግሩ የተሰነጠቀ ነው፤ እሱ ላይ አትቀመጡ።